«የሰብዌይ ምሩቅ» ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ቡድን ቲሸርት ለብሳችሁ ከወጣችሁ አንድ ጥያቄ አይቀርላችሁም። «እዚያ ነው የተማርከው?» ይባላል። ብዙ ጊዜ ወሬ ለመጀመር ያህል ነው። አንዳንዴ ግን ነገር አለው። «አይ፣ ደጋፊ ነኝ» ስትሉ የጠያቂው ፊት ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል።

የሰብዌይ ምሩቅ የሚባለው ይሄ «አይ» ባዩ ሰው ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ከልቡ ይወዳል። ሲሸነፍ እራት አይበላም። ግን እዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ግቢውን እንኳ ረግጦ ላያውቅ ይችላል። እንግሊዝኛው «ሰብዌይ አለምናይ» ነው። ሰብዌዩም የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ነው፤ ለምን ባቡር እንደገባበት አሁን እንመጣበታለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ፉትቦል ስልም በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን የአሜሪካኑን ማለቴ ነው።)

ስሙ የወጣው ለኖትር ዳም ደጋፊዎች ነው። ኖትር ዳም በ1842 በካቶሊክ ካህናት የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሚገኘው ኢንዲያና ግዛት፣ ሳውዝ ቤንድ ከተማ ነው። ከኒውዮርክ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ1913 ቡድኑ ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ጋር ሊጫወት ወደ ምሥራቅ መጣ። ማንም ግምት አልሰጠውም ነበር። ኳሱን ወደፊት በአየር እየወረወረ 35 ለ 13 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ግጥሚያው የየዓመቱ ሆነ። ሕዝቡ ሲበዛ ዌስት ፖይንት ጠበበ፣ ጨዋታውም ወደ ኒውዮርክ ከተማ ወረደ። በ1923 ብሩክሊን፣ በ1924 ፖሎ ግራውንድስ በሚባለው ስታዲየም ተደረገ። ከ1925 ጀምሮ ደግሞ ብሮንክስ ያለው ያንኪ ስታዲየም መደበኛ ቤቱ ሆነ።

እዚያ ለመድረስ ሰብዌይ መያዝ በቂ ነበር። ዋጋው 5 ሳንቲም። ባቡሩን የሚሞሉት እነማን ነበሩ? አይሪሾች፣ ጣልያኖች፣ ፖላንዶች። የወደብ ሠራተኛ፣ ፖሊስ፣ ግንበኛ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ። ኮሌጅ ለእነሱ የሌላ ሰው ዓለም ነበር። ኖትር ዳም ግን ካቶሊክ ነው፤ እነሱም ካቶሊክ ናቸው። አለቀ።

ይሄ እንዲሁ የሃይማኖት ወዳጅነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የ1920ዎቹ አሜሪካ ካቶሊክን በጥርጣሬ የሚያይ አገር ነበር። ኩ ክላክስ ክላን የሚባለው የነጭ የበላይነት አራማጅ ቡድን በኢንዲያና እጅግ ጠንካራ ነበር፤ ጥላቻውም ከጥቁሮች አልፎ ለካቶሊኮችና ለአይሁዶች ይተርፍ ነበር። በግንቦት 1924 ክላኖች ሳውዝ ቤንድ ላይ ሰልፍ ሊያደርጉ ሲመጡ የኖትር ዳም ተማሪዎች ወጥተው ገጠሟቸው። ክላኑ ቢሮው መስኮት ላይ በቀይ አምፖል የተሠራ መስቀል ሰቅሎ ነበር። ተማሪዎቹ ድንች ገዝተው አምፖሎቹን በውርወራ አረገፏቸው። በዚያው ዓመት መኸር ቡድኑ ፖሎ ግራውንድስ ላይ ጦር አካዳሚውን 13 ለ 7 ረታ። አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍም የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ 1928 ነው። የኒውዮርኩ ገዢ አል ስሚዝ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። ትልቅ ፓርቲ ያቀረበው የመጀመሪያው ካቶሊክ እጩ ነው። ኅዳር 6 ቀን ክፉኛ ተሸነፈ። የገዛ ግዛቱን ኒውዮርክን እንኳ አጣ። ከ4 ቀን በኋላ ኖትር ዳም ያንኪ ስታዲየም ላይ ጦር አካዳሚውን 12 ለ 6 አሸነፈ። ያን ቀን በሰብዌይ የመጣ አንድ አይሪሽ ግንበኛ ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም። በምርጫ ሳጥን ያጣውን ሜዳ ላይ አገኘው። «የትኛው ዲፓርትመንት ነበርክ?» ብትሉት ይስቅባችኋል።

የዚያን ዘመኑ የኖትር ዳም አሰልጣኝ ክኑት ሮክኒ ራሱ ኖርዌይ ተወልዶ በልጅነቱ የመጣ ስደተኛ ነው። ካቶሊክ የሆነውም በ1925 ነው፤ ከዚያ በፊት ሉተራን ነበር። «ተዋጊዎቹ አይሪሾች» የሚባለውን ቡድን የሠራው ሰው አይሪሽ አልነበረም ማለት ነው። ስሙ ራሱ መጀመሪያ መሰደቢያ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው በ1927 ተቀብሎ የራሱ አደረገው።

ዛሬ የሰብዌይ ምሩቅ የሚለው ስም በኖትር ዳም ዘንድ ከሞላ ጎደል የክብር ነው። ሌላ ቦታ ስትሄዱ ግን ነገሩ ወደ ስድብ ይጠጋል። አላባማ ላይ «የእግረኛ መንገድ ምሩቅ» ይባላል። ቴክሳስ ላይ «የቲሸርት ደጋፊ» ነው። ሚሺጋን ላይ ደግሞ በጣም የከፋው አለ፤ «ዋልማርት ዎልቨሪን»። ዎልቨሪን የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን መጠሪያ ነው። ስድቡን የሚወረውሩት በተለይ የጎረቤቱ የሚሺጋን ስቴት ሰዎች ናቸው። ዋልማርት እንግዲህ የርካሽ ዕቃ መደብር ነው። «ሹራቡን ከዋልማርት ገዛህ እንጂ ትምህርት ቤቱ አላስገባህም» ማለታቸው ነው።

እዚህ ላይ ስድቡ የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ። ስለ ስፖርት ምንም አይልም። ሰውዬው ጨዋታ አያውቅም፣ ሲሸነፉ ይከዳል አላለም። ያለው «ድሃ ነህ፣ አልተማርክም» ነው። የኮሌጅ ስፖርት ላይ የምሩቅና የምሩቅ ያልሆነ ጠብ ሲነሳ እኔ ቶሎ የማልስቀው ለዚህ ነው። ከላይ ጨዋታ ይመስላል፤ ከስር ግን የመደብ ጉዳይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የአርሰናል ደጋፊን «ለንደን ኖረህ ታውቃለህ?» ብሎ የሚያፋጥጠው የለም። ክለብ ምሩቅ የለውም፤ ስለዚህ ሁሉም ደጋፊ እኩል ነው። ዩኒቨርሲቲ ግን በር አለው። የገባ አለ፣ ያልገባ አለ። ቲሸርቱ ላይ የተጻፈውም የከተማ ስም ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ቤት ስም ነው።

አላባማን ጠጋ ብለን እንየው። ግዛቱ በዋናዎቹ አራት የፕሮፌሽናል ሊጎች፣ ማለትም በፉትቦል፣ በቅርጫት ኳስ፣ በቤዝቦልና በበረዶ ሆኪ፣ አንድም ቡድን የለውም። ከአዋቂው ሕዝብ አብዛኛው ዲግሪ የለውም። የኮሌጅ ፉትቦል ቀን የሆነው ቅዳሜ ሲመጣ ታዲያ ምን ይደግፍ? ወይ አላባማ ወይ ኦበርን። ሁለቱም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ቱስካሉሳ ያለው የአላባማ ስታዲየም 100 ሺህ ሰው ይይዛል። የተማሪው ቁጥር የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የቀረውን ወንበር የሚሞላው ማን ይመስላችኋል? ግብር የሚከፍል ሰው ደግሞ «የእኔ ዩኒቨርሲቲ ነው» ቢል ምኑ ነው ስህተቱ?

ሌላም አለ፤ የሚያምም ነው። በ1963 ገዢው ጆርጅ ዋላስ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች እንዳይመዘገቡ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ቆመ። የፌዴራል መንግሥት ነው ገለል ያስደረገው። እንግዲህ ዛሬ ሰማንያውን ያለፈ ጥቁር የቱስካሉሳ ሰው የአላባማን ቡድን ቀይ ኮፍያ አድርጎ ብታገኙት «እዚህ ተምረሃል?» ለማለት አፍ አለ? አልተማረም። የሚማርበት ዕድሜ ላይ በሩ ዝግ ነበር።

በሌላ በኩል የሰብዌይ ምሩቅን ጉድ የሚያወሩ ሰዎች ሁሌ የሚያነሱት ሃርቪ አፕዳይክን ነው። ቴክሳስ ውስጥ የግዛት ፖሊስ ሆኖ የሠራ ጡረተኛ ነበር። አላባማ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ አያውቅም ነበር። ልጆቹን ግን በቡድኑና በታዋቂው አሰልጣኝ ስም ሰይሟቸዋል። በ2010 ኦበርን አላባማን ካሸነፈ በኋላ ኦበርን ከተማ ሄዶ ቱመርስ ኮርነር የሚባለው ቦታ ላይ ያሉትን ሁለት ትልልቅ የኦክ ዛፎች መረዛቸው። የኦበርን ሰዎች ሲያሸንፉ የመጸዳጃ ወረቀት እየወረወሩ የሚያለብሷቸው ዛፎች ናቸው። ይባስ ብሎ ጥር 2011 የፖል ፋይንባም የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ በሐሰት ስም ደውሎ ሥራውን ተናገረ። ዛፎቹ አልተረፉም፣ በ2013 ተቆረጡ። እሱም ጥፋቱን አምኖ ታሰረ፤ ወደ 800 ሺህ ዶላር ካሳ እንዲከፍልም ተፈረደበት። «ያልተማረ ደጋፊ ይሄው ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ዲግሪ መርዝ ከመርጨት የሚከለክል ክትባት ነው ብዬ አላምንም።

የጆርጅታውን ታሪክ ደግሞ ከኖትር ዳም ጋር ይመሳሰላል፤ ለእኛም ሰፈር ቅርብ ነው። ጆርጅታውን ዋሽንግተን ዲሲ ያለ የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ውድ ነው፣ በብዛት የነጭ ነበር። በ1972 ጆን ቶምፕሰን የሚባል ጥቁር አሰልጣኝ የቅርጫት ኳሱን ያዘ። ረጅም፣ ግዙፍ፣ ትከሻው ላይ ነጭ ፎጣ ጣል የሚያደርግ፣ ለማንም የማይጎነበስ ሰው ነበር። ጃማይካ የተወለደውን ፓትሪክ ዩዊንግን ይዞ በ1984 ዋንጫ በላ። ያን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ከዚያ በኋላ በየከተማው ያሉ ጥቁር ወጣቶች የጆርጅታውንን ጃኬት ለበሱ። በ80ዎቹ ዲሲ የገባ ሐበሻም ይሄን ጃኬት መንገድ ላይ ማየቱ አይቀርም። ከለባሾቹ ስንቱ የዩኒቨርሲቲውን ክፍያ ይችል ነበር? ጥያቄው ያ አልነበረም። ጎንበስ የማይል ሰው የሚመራው ቡድን አዩ፣ ወደዱት።

የምሩቁንም ወገን ላንሳ፤ አለዚያ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ምሩቅ አራት ዓመት ዶርም ውስጥ ተጨናንቋል። በብርድ ስታዲየም ውስጥ ቆሞ ጮኋል። የትምህርት ዕዳውን ምናልባት ዛሬም እየከፈለ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ስም ሲቪው ላይ አለ። ቅሌት ሲፈጠር የሚያፍረው እሱ ነው። ልዩነቱ በደንብ የሚታየው «ጎበዝ ተጫዋች ለማግኘት የመግቢያ ነጥብ ይቀነስ ወይ?» የሚል ክርክር ሲነሳ ነው። ብዙ ምሩቅ «ዲግሪዬ ይረክሳል» ብሎ ያመነታል። የሰብዌይ ምሩቅ ግን ቤተ መጻሕፍቱ ቢዘጋም ላይሰማ ይችላል፤ የሚያውቀው ቅዳሜን ነው። ይሄ እውነተኛ ልዩነት ነው፤ ማንቋሸሽ ግን አያስፈልገውም።

ገንዘቡ ላይ ስንመጣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው የመረጡት ግልጽ ነው። እስከ 1984 ድረስ የትኛው ቡድን ስንት ጊዜ በቴሌቪዥን እንደሚታይ የሚወስነው ኤንሲ-ደብል-ኤ (NCAA)፣ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል ነበር። በዚያ ዓመት የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላይ ረቱት። ከዚያ ቴሌቪዥኑ በፉትቦል ተጥለቀለቀ። ኖትር ዳም ከ1991 ጀምሮ ለሜዳው ጨዋታዎች ከኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጋር የራሱ ውል አለው። ኤንቢሲ የሚከፍለው ለምሩቃን ብቻ ለማሳየት አይደለም፤ የምሩቁ ቁጥር ለማስታወቂያ አይበቃም። የሚገዛው በየግዛቱ ሶፋ ላይ ያለውን፣ ሳውዝ ቤንድን በካርታ እንኳ የማያገኘውን ሰው ነው። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ሲፈቀድላቸው ደጋፊዎች እያዋጡ የሚከፍሉባቸው ማኅበራት ተቋቋሙ። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለስፖርተኞቹ መክፈል ይችላል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። መዋጮ ሲሰበሰብ «የምረቃ ወረቀትህን አሳይ» ያለ የለም።

ተጫዋቾቹም ቢሆኑ እንደ ድሮው አይደሉም። አሁን ትምህርት ቤት እየቀየሩ መጫወት ይችላሉ፤ ሦስት ዩኒቨርሲቲ ያዳረሰ ተጫዋች ብርቅ አይደለም። እሱ በየትኛው ግቢ ልጅነት ይቆጠር?

ውጭ አገር ያለው ሐበሻ ደግሞ ከሁለቱም ምድብ የማይገባ ሦስተኛ ዓይነት ደጋፊ አለው፤ ወላጅ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ «ማም» ወይም «ዳድ» የሚል የተጻፈበት የዩኒቨርሲቲ ሹራብ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቡና የሚጠጡ እናትና አባት የማያውቅ የለም። አልተማሩበትም። ግን ክፍያው ላይ እጃቸው አለበት፤ ታክሲ ነድተው፣ ድርብ ሺፍት ሠርተው ነው። መጀመሪያ ላይ አባት ፉትቦሉን «ምን መገፋፋት ነው ይሄ?» ይላል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሕጉን ከልጁ ይማራል። ልጁ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ ሌላ ግዛት ከገባ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎን ውስጥ ዳኛውን የሚሰድበው አባት ነው።