ዲስትሪቡትድ ሶፍትዌር ምንድን ነው? ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ እንየው

«ሲስተም የለም» የምትለዋን ሁላችንም እናውቃታለን። ተሰልፈን ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ ነው የምንሰማት። ብዙ ጊዜ ግን የጠፋው ሲስተሙ በሙሉ አይደለም። አንድ ክፍሉ ብቻ ነው፤ ሌላው እሱን ሲጠብቅ አብሮ ቆሟል።

ዲስትሪቡትድ ሶፍትዌር የሚባለው አንድ መተግበሪያ በተለያዩ ማሽኖች ላይ ተከፋፍሎ፣ ክፍሎቹ በኔትወርክ እየተነጋገሩ ሥራውን ሲጨርሱ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ኮምፖነንት ይባላል። ምን ብትጠይቁት ምን እንደሚመልስ ይታወቃል፣ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ግን የራሱ ጉዳይ ነው።

እስቲ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ፣ ሸዋሮቢትና አጣዬ የሚሄዱ አውቶቡሶችን ትኬት የሚሸጥ አፕ እንሥራ እንበል። አንዱ ኮምፖነንት ወንበር ይይዛል። አንዱ ክፍያ ይቀበላል። ሌላው ኤስኤምኤስ ይልካል። የወንበሩ እዚሁ ከተማ ይቀመጥ፣ የክፍያው 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ። የተሳፋሪው ስልክም አንድ ማሽን ነው፣ ያውም መንዝ ውስጥ ኔትወርኩ ከፍ ዝቅ እያለበት። በዓል ሲደርስ ወንበር ፈላጊው ከበዛ የወንበሩን ኮምፖነንት ብቻ በተጨማሪ ሰርቨሮች ላይ ማስነሳት ይቻላል። መልእክቶቹን ወረፋ ላይ ካስቀመጥናቸው ደግሞ የኤስኤምኤሱ ክፍል ቢሞት እንኳ ሽያጩ አይቆምም፣ ሲነሳ ይልካቸዋል።

(በነገራችን ላይ ሁለት ሦስት ሰው ለአንድ መናኸሪያ የሚሠራው ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። አንድ ፕሮግራም፣ አንድ ዳታቤዝ፣ አለቀ።)

ኮምፖነንቶቹ የሚግባቡት ኢንተርፌስ በሚባለው ውል ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ኮርባ የተባለ ደንብ በተለያየ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ክፍሎች በአንድ ውል እንዲጠራሩ ያደርግ ነበር። በ1996 የማይክሮሶፍት ዲኮም፣ በ1998 የጃቫው ኢጄቢ ተከተሉ። ዛሬ ብዙው ሰው በኤችቲቲፒ (ድረ ገጾች በሚላላኩበት ደንብ) ጄሰን የሚባል የጽሑፍ ቅርጽ ይላላካል። ስሙ ይቀያየራል፣ ውሉ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። በኮዱ ላይ ሲታይ ሩቅ ያለን ኮምፖነንት መጥራትና እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ያለን ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) መጥራት አንድ ይመስላል። አንድ አይደለም። የክፍያውን ክፍል «300 ብር ተቀበል» አልነው። አሥር ሰከንድ ጠበቅን፣ መልስ የለም። ወይ ጥያቄያችን ሳይደርስ ቀርቷል፣ ወይ ገንዘቡ ተቆርጦ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቷል፣ ወይ ክፍሉ ገና እየሠራ ነው፤ እኛ ካለንበት ሆነን የቱ እንደሆነ መለየት አንችልም። ደግመን ብንጠይቅ ሁለቴ ሊቆረጥ ነው። ብንተወው ደግሞ ሰውዬው ከፍሎ ያለ ትኬት ሊቀር ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ከመጀመሪያው ካልታሰበበት ያስለቅሳል። እያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ የራሱ መለያ ቁጥር ይኑረው። የክፍያው ክፍል ያንን ቁጥር ከውጤቱ ጋር ይመዝግብ። ያው ቁጥር ተመልሶ ከመጣ ዳግመኛ አይቁረጥ፣ የቀድሞውን መልስ ብቻ ይስጥ። ያኔ እስኪበቃን ደጋግመን መጠየቅ እንችላለን። ይህን ሳይሠሩ «እንደገና ይሞክሩ» የሚል በተን ማስቀመጥ በሰው ገንዘብ መቀለድ ነው። ፒተር ዶይች የተባለ የሰን ማይክሮሲስተምስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1994 ፕሮግራመሮች የሚሳሳቱባቸውን ግምቶች ሲዘረዝር ከፊት ያስቀመጠው «ኔትወርክ አይቋረጥም» የሚለውን ነው። እኛ መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ያደግን ሰዎች እንኳ ኮድ ስንጽፍ ይህን መርሳታችን ይገርማል።

ዲፕሎይ ማድረግ፣ ማለትም የተጻፈውን ማሽኖቹ ላይ ጭኖ ሥራ ማስጀመር፣ ሌላ ፈተና ነው። ዶከር የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ከመጣ ወዲህ ኮምፖነንቱን ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ጋር ኮንቴይነር በሚባል አንድ ጥቅል አሽጎ መላክ ቀሏል። በዓመቱ ጎግል ይፋ ያደረገው ኩበርኔቲስ ደግሞ ኮንቴይነሮቹን ይቆጣጠራል፦ የሞተውን ያስነሳል፣ ሥራ ሲበዛበት ያባዛል። ለአራት ኮምፖነንት ኩበርኔቲስ መትከል ግን ትርፉ ድካም ነው።

የዲፕሎይ ዋናው ፈተና ሁሉንም ክፍል በአንድ ቅጽበት መቀየር አለመቻሉ ነው። ሰርቨሩን ዛሬ ማታ አደስነው እንበል። መንዝ ሞላሌ ያለው ተሳፋሪ ስልክ ላይ ያለው አፕ ግን የአምናው ነው፣ ሰውዬውም የማደስ ሐሳብ የለውም። እኛ «ስልክ» የነበረውን መስክ (በመልእክቱ ውስጥ ቁጥሩ የሚጻፍበትን ቦታ) «ሞባይል» ብለን ከቀየርነው የእሱ አፕ ወዲያው ይሰበራል። ስለዚህ አዲስ መስክ መጨመር እንጂ የነበረውን መሰረዝ ወይም ስሙን መቀየር አይገባም። አሮጌው ስም የሚወጣው የሚጠቀምበት ሰው እንደሌለ በመዝገብ ከታየ በኋላ ነው። የትኛው አፕ በየትኛው ቨርዥን እንደሚጠራን ከመጀመሪያው ቀን የማንመዘግብ ከሆነ ደግሞ ይህንን የምናውቅበት መንገድ አይኖርም።