የስኮትላንድ ሬጅመንት ምንድን ነው?

ሬጅመንት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በአንድ አዛዥ ሥር አብሮ የሚዋጋ ጦር ነው። በብሪታንያ እግረኛ ጦር ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የሚዋጋው ሻለቃ የሚባለው የጦር ክፍል ነው። ሬጅመንቱ ስሙ፣ ዓርማው፣ ወታደር የሚመለምልበት አገርና ከጥንት የመጣ ታሪኩ ነው። የአንድ ሬጅመንት ሻለቆች አንድ ጦር ሜዳ ላይ ላይገናኙ ይችላሉ።

ለእኛ ቀረብ ያለ ምሳሌ አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1940 ካሜሮን ሃይላንደርስ የተባለው የስኮትላንድ ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃ ፈረንሳይ ውስጥ ጀርመንን ይዋጋ ነበር። በ1941 መጀመሪያ ደግሞ 2ኛው ሻለቃ ከረን ተራሮች ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ተናነቀ። ያውም ከህንድ ሻለቆች ጋር በአንድ ብርጌድ ተሰልፎ ነው። እዚያ የያዘው ሸንተረር በጦርነቱ ታሪክ ውስጥ በስሙ ይጠራል፤ ካሜሮን ሪጅ።

አንጋፋው የስኮትላንድ ሬጅመንት ሮያል ስኮትስ ነው። በ1633 ሰር ጆን ሄፕበርን ያቋቋመው ለፈረንሳይ ንጉሥ እንዲያገለግል ነበር። ብላክ ዎች የተነሣው በሌላ መንገድ ነው። በ1725 ጄኔራል ዌድ ተራራማውን የሃይላንድ አገር የሚጠብቁ ሻምበሎች፣ ማለትም ከሻለቃ ያነሱ የጦር ክፍሎች፣ ከዚያው ሕዝብ መልምሎ አቋቋመ። በ1739 እነዚህ ወደ ሬጅመንት አደጉ፤ በኋላም 42ኛ የሚለውን ቁጥር ያዙ።

አዎ፣ ቁጥር። ያኔ ሬጅመንቶች የሚታወቁት በቁጥር ነበር፣ ብዙዎቹም አንድ ሻለቃ ብቻ ነበራቸው። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1881 ነው። መንግሥት ሬጅመንቶቹን ሁለት ሁለት እያደረገ አጋባቸው። አንዱ ሻለቃ አገር ቤት ሆኖ ምልምል ያሠለጥናል፣ ሌላው ህንድ ወይም ሌላ ቅኝ ግዛት ይቀመጣል። 42ኛው ከ73ኛው ጋር ተጣምሮ ብላክ ዎች ሆነ። 26ኛው ካሜሮንያንስ ደግሞ ከ90ኛው ጋር ተዋሐደ። ይህን 26ኛ እኛም እናውቀዋለን፤ በ1868 ከናፒየር ጋር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ከዘመቱት ሬጅመንቶች አንዱ ነው። ከካሜሮን ሃይላንደርስ ጋር ግን እንዳይምታታ፣ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ካሜሮን ሃይላንደርስ በዚያ ጋብቻ ጊዜ ብቻውን ቀርቶ 2ኛ ሻለቃ ያገኘው በ1897 ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሥርዓቱ ያለ ልክ አበጠ። አዲስ ሬጅመንት ከማቋቋም ይልቅ በነባሮቹ ስም ሻለቃ መጨመር ይቀል ነበርና፣ ሮያል ስኮትስ ብቻውን 35 ሻለቃ ደረሰ። አንዳንዱ ሻለቃ የአንድ መሥሪያ ቤት ወይም የአንድ ሰፈር ልጆች ስብስብ ነበር። የሃይላንድ ላይት ኢንፋንትሪ 15ኛ ሻለቃ የተነሣው ከግላስጎው ትራም ሠራተኞች ነው። የሮያል ስኮትስ 16ኛ ሻለቃ ውስጥ ደግሞ የኤደንብራው ሃርትስ የእግር ኳስ ክለብ ተጫዋቾች ከደጋፊዎቻቸው ጋር ተመዘገቡ። ለምልመላ ግሩም ዘዴ ነበር፤ ለቤተሰብ ግን ክፉ። እንዲህ ያለ ሻለቃ በአንድ ቀን ሲመታ መርዶው የሚገባው አንድ መንደር ነው። 16ኛው በ1916 ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ውጊያ ላይ የደረሰበት ይኸው ነው።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ቅነሳው ተጀመረ። በ1959 ሁለት ሬጅመንቶች ሲዋሐዱ ኪልት (የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት ጉርድ ቀሚስ) ይልበሱ ወይስ ሱሪ በሚል ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሣ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም፣ ሬጅመንት ማለት መለያው ከሆነ ክርክሩ የህልውና ነው። በ1968 ካሜሮንያንስ ተዋሐዱ ወይም ፍረሱ ተባሉ። መፍረስን መረጡ። ሥነ ሥርዓቱም በ1689 የተመሠረቱባት ዳግላስ አካባቢ ተካሄደ። አርጋይል ኤንድ ሰዘርላንድ የተባለው ሬጅመንት ግን እጁን አልሰጠም፤ ደጋፊዎቹ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስበው አተረፉት።

በ2006 የቀሩት፣ ከንጉሣዊው ዘበኛ ከስኮትስ ጋርድስ በቀር፣ ሁሉ ሮያል ሬጅመንት ኦቭ ስኮትላንድ በሚባል አንድ ሬጅመንት ውስጥ ገቡ። ብላክ ዎች ዛሬ 3ኛ ሻለቃ ነው፤ ቀይ ላባውን ግን አሁንም ባርኔጣው ላይ ይሰካል። በእኔ እይታ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ሬጅመንቶቹን ወደ ሻለቃ አወረዳቸው እንጂ ስማቸውን አልነጠቃቸውም። አርጋይል ግን ከዚያም ወርዷል፤ 5ኛ ሻለቃ ሆኖ ቆይቶ በ2013 ወደ አንድ ሻምበል ተቀነሰ።