ባህላዊ ብልህነት በጅማ የሥራ ሕይወት

ባህላዊ ብልህነት አንድ ሰው ካደገበት የተለየ ልማድ፣ ቋንቋና እምነት ካላቸው ሰዎች ጋር ተግባብቶ ለመሥራት፣ እነሱንም ለመምራት የሚያስችለው ችሎታ ነው። ጽንሰ ሐሳቡን ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ኧርሊና ሱን አንግ እ.ኤ.አ. በ2003 በስፋት ያስተዋወቁት ሲሆን፣ ዛሬ በአራት ዘርፎች ተከፍሎ ይታያል፤ ከሌላው ጋር ለመሥራት ያለ ፍላጎት፣ ስለ ሌላው ባህል ያለ ዕውቀት፣ የራስን ግምት እየታዘቡ የማረም ልማድ፣ እንዲሁም ንግግርንና አድራጎትን እንደ ሁኔታው የማስተካከል አቅም። ቀደም ሲል የገነነው ተመራማሪው ጌርት ሆፍስቴድ የኮምፒውተር ኩባንያውን የአይቢኤምን ሠራተኞች በየአገሩ አማካይ ያወዳደረበት ጥናት ነበር። የአገር አማካይ ግን ለጅማ ብዙም አይፈይድም፤ እዚህ ልዩነቱ ያለው በአንድ ቢሮ ውስጥ ነውና።

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጅማ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዳውሮው፣ ከፋው፣ የሙና ጉራጌው አብረው የሚኖሩባት ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር የሚመጡ ነጋዴዎች መገናኛ ነበር። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋርም ለምኒልክ በመገበር የውስጥ አስተዳደራቸውን ለረጅም ዘመን ሲያቆዩ፣ ጎረቤታቸው ከፋ እ.ኤ.አ. በ1897 በጦርነት ተያዘ። ይህን ሁሉ በባህላዊ ብልህነት መተርጎም ግን ማጋነን ነው፤ የኃይል ሚዛንን ማወቅም ነበረበት።

ችሎታው ጎልቶ የሚፈተነው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው የተመሠረተው ይህ ተቋም በማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርቱ የሚታወቅ ሲሆን፣ የጤና ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ ቀበሌዎችና ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያደገ ተማሪ አፋን ኦሮሞ ሳይችል በአስተርጓሚ ሲያስረዳ፣ እናትየዋ በአክብሮት አንገቷን ብትነቀንቅ «ገብቷታል» ብሎ መመዝገብ ይቀለዋል። ልምድ ያለው አስተባባሪ ግን የሰማችውን በራሷ አነጋገር መልሳ እንድትነግራቸው ይጠይቃል። ከአራቱ ዘርፎች እጅግ ከባዱ ይኸው የራስን ግምት መጠራጠር ይመስላል፤ ስለ ባህል የተጻፈን ማንበብ ብቻውን አያስገኘውም።

በመሥሪያ ቤትም የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ ተራ የሚመስል ነገር ነው። ለሠራተኞች ግብዣ የሚያዘጋጅ ኃላፊ የሙስሊምና የክርስቲያን እርድ ለየብቻ መሆኑን ካላሰበ ግማሹ ሠራተኛ ሥጋ ሳይቀምስ ይውላል፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ የሚጾሙት ኦርቶዶክሳውያን የጾም ምግብ ይሻሉ። የዓርብ ቀትር ስብሰባ ከጁምዓ ሶላት ጋር ይጋጫል፤ በረመዳንም ከሰዓት በኋላ ረጅም ሥልጠና መያዝ ጾመኛውን ማድከም ነው። ከውጭ አገር ለመጣ ባልደረባ «ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ» ሲባል የማን አቆጣጠር እንደሆነ አለመንገር የታወቀ መሰናክል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው የባህላዊ ብልህነት መለኪያ 20 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን መላሹ ራሱን ይመዝናል። በትሕትና ያደገ ራሱን ዝቅ፣ ደፋሩ ደግሞ ከፍ አድርጎ ሊሞላው ስለሚችል፣ ለኃላፊነት የሚታጭ ሰው ሲመዘን አብረውት የሚሠሩትንና በእሱ ሥር ያሉትን መጠየቅ ይበጃል።