ሴንት ፒተርስበርግ፦ የኔቫ ዳሯ ከተማና የሚጎበኙ ሥፍራዎቿ

ሴንት ፒተርስበርግ በሰሜን ምዕራብ ሩሲያ፣ የኔቫ ወንዝ ከፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ጋር በሚገናኝበት ረግረጋማ ምድር ላይ የተቆረቆረች፣ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ነዋሪዎች ያሏትና በሕዝብ ብዛት ከሞስኮ ቀጥላ የምትጠቀስ ከተማ ናት። የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ከስዊድን ጋር ጦርነት ላይ ሳለ በ1703 መሠረቷን ጣለ፤ በ1712 ደግሞ ዋና ከተማነቱን ከሞስኮ ወስዶ ሰጣት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ለጥቂት ዓመታት ከመቋረጡ በቀር፣ ይህ ክብር እስከ 1918 አብሯት ቆይቷል። ስሟ በ1914 ፔትሮግራድ፣ በ1924 ሌኒንግራድ ከተባለ በኋላ በ1991 ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ታሪካዊ ማዕከሏ ከ1990 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከተማዋ ቀስ በቀስ ያደገች ሳትሆን በንጉሥ ትዕዛዝ የተሠራች ናት። ጴጥሮስ በ1714 ባወጣው ዐዋጅ በሌላው የሩሲያ ግዛት የድንጋይ ቤት መሥራትን ከለከለ፤ ወደ አዲሲቱ ከተማ የሚገባ መርከብና ጋሪ ሁሉም ድንጋይ ይዞ እንዲመጣ አስገደደ። ረግረጉን በችካል ያጸኑት ከየአውራጃው በግዳጅ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ፤ ስንቶቹ በዚያው እንደ ቀሩ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። መንገዶቿ ቀጥ ያሉት፣ አደባባዮቿ የሰፉትና የሕንጻዎቿ ቁመት እኩል የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጉብኝትን ከጴጥሮስ ወጳውሎስ ምሽግ መጀመር ተገቢ ነው፤ ከተማዋ ራሷ የጀመረችው እዚያ ነውና። ምሽጉ በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ የተሠራው የስዊድንን ጦር ለመመከት ቢሆንም አንድም ጊዜ ውጊያ አላየም፤ ይልቁንም የፖለቲካ እስረኞች ወኅኒ ሆኖ ኖረ። ደራሲው ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ በ1849 ታስሮ የቆየው በዚሁ ነው። በመካከሉ የሚገኘው፣ ዶሜኒኮ ትሬዚኒ የተባለው የስዊስ አርክቴክት የነደፈው ካቴድራል 122.5 ሜትር የሚደርስ በወርቅ የተለበጠ ሹል ጉልላት አለው። በውስጡ ከጴጥሮስ ጀምሮ አብዛኞቹ የሩሲያ ነገሥታት የተቀበሩ ሲሆን፣ በ1918 የተገደሉት የዳግማዊ ኒኮላስና የቤተ ሰባቸው ዐፅም በ1998 በክብር ዐርፎበታል። ከምሽጉ ቅጥር ላይ በየቀኑ ልክ እኩለ ቀን ሲሆን መድፍ ይተኮሳል።

ከወንዙ ማዶ፣ በአረንጓዴና በነጭ ቀለም አሸብርቆ የሚታየው ግዙፍ ሕንጻ ባርቶሎሜዮ ራስትሬሊ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ከ1754 እስከ 1762 የሠራው የክረምት ቤተ መንግሥት ነው። ዛሬ የኤርሚታዥ ሙዚየም ዋና ክፍል ሆኗል። የሙዚየሙ መነሻ ንግሥት ታላቋ ካትሪን በ1764 ከአንድ የበርሊን ነጋዴ የገዛቻቸው ሥዕሎች ናቸው። ሥዕሎቹ መጀመሪያ የታሰቡት ለፕሩሲያው ንጉሥ ለፍሬድሪክ ነበር፤ የሰባት ዓመቱ ጦርነት ካዝናውን ስላራቆተው ዕድሉ ለካትሪን ደረሰ። ሙዚየሙ ለሕዝብ ክፍት የሆነው በ1852 ሲሆን፣ አሁን ከሦስት ሚሊዮን በላይ ቅርሶችን ይዟል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አያለሁ ብሎ የሚገባ ሰው ድካምን ብቻ ይዞ ይወጣል። ጊዜው ያጠረበት ጎብኚ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ሁለት የእመቤታችን ሥዕሎችና ሬምብራንት የጠፋውን ልጅ መመለስ የሣለበትን ሰፊ ሸራ ተረጋግቶ ቢያይ፣ ከዚያም አደባባዩን ተሻግሮ በጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ሕንጻ የሚገኙትን የማቲስና የፈረንሳይ ኢምፕሬሽኒስት ሠዓሊዎች ሥራዎች ቢጎበኝ ይበጀዋል። በሁለቱ ሕንጻዎች መካከል የቆመው፣ 47.5 ሜትር ከፍታ ያለው የአሌክሳንደር ሐውልት ምሰሶው ከአንድ ወጥ ግራናይት የተጠረበ ሲሆን፣ ያለ ምንም ማያያዣ በራሱ ክብደት ብቻ ከ1834 ጀምሮ ቆሟል።

የአደባባዩ ሐውልትም የይስሐቅ ካቴድራልም የፈረንሳዊው አርክቴክት የኦጉስት ሞንፌራን ሥራዎች ናቸው። ካቴድራሉን መሥራት ከ1818 እስከ 1858 አርባ ዓመት ፈጅቷል። የጉልላቱን ወርቅ በሜርኩሪ አማካይነት ሲለብጡ በእንፋሎቱ ተመርዘው የሞቱ ሠራተኞች ነበሩ። ደረጃውን ለመውጣት ጉልበት ያለው ሰው ከጉልላቱ ሥር ካለው ሰገነት ሆኖ ማዕከሏን በሙሉ ማየት ይችላል። በአቅራቢያው በወንዙ ዳር የፈረንሳዊው ቀራፂ የፋልኮኔ የነሐስ ፈረሰኛ ይገኛል። ካትሪን ለጴጥሮስ መታሰቢያ ያሠራችውና በ1782 የተመረቀው ይህ ሐውልት የቆመበት ዐለት ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ይመዝን ስለ ነበር፣ ከተገኘበት ጫካ እስከ ባሕሩ ዳር ያጓጓዙት በነሐስ ኳሶች ላይ እያንሸራተቱ ነው።

ኔቭስኪ ጎዳና ከወንዙ አጠገብ ተነሥቶ 4.5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ የከተማዋ ዋና አውታር ነው። ግራና ቀኙ በሱቆችና በካፌዎች የተሞላ ሲሆን፣ ክንፎቹን እንደ ግማሽ ክብ የዘረጋው የካዛን ካቴድራልም እዚያው ነው። በ1812 ናፖሊዮንን የመከተው የጦር አዛዥ ኩቱዞቭ የተቀበረው በዚህ ካቴድራል ነው፤ በሶቪየት ዘመን ደግሞ የሃይማኖትና የኢአማኒነት ታሪክ ሙዚየም ተደርጎ ነበር። ከዚያ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር በ1881 በቦምብ በቆሰሉበት ቦይ ዳር፣ ባለ ብዙ ቀለም ጉልላቶች ያሉት የፈሰሰው ደም መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይታያል። የውስጥ ግድግዳውን ከ7000 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሞዛይክ (ከትናንሽ ባለ ቀለም ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ሥዕል) ሸፍኖታል። ሌላው የከተማዋ ክፍል የጣሊያንንና የፈረንሳይን የሕንጻ ጥበብ ሲከተል፣ ይህ ቤተ ክርስቲያን ሆን ተብሎ የጥንታዊት ሩሲያን መልክ እንዲይዝ ተደርጓል፤ በዚህ ምክንያት ከአካባቢው ጋር አይስማማም የሚሉ ትችቶች ሲቀርቡበት ኖረዋል።

የዛሬ ጎብኚ በቀላሉ የማያስተውለው ነገር ቢኖር፣ የሚያደንቀው ውበት ብዙው ከፍርስራሽ የተመለሰ መሆኑ ነው። የናዚ ጀርመን ሠራዊት ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ድረስ ለ872 ቀናት ከተማዋን ከብቦ በረሃብና በመድፍ ቀጣት። በጣም በከፋው ወቅት የጉልበት ሠራተኛ ላልሆነ ሰው የሚደርሰው የቀን ዳቦ 125 ግራም ብቻ ነበር፤ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም አለቀ። ከኤርሚታዥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅርሶች አስቀድመው በባቡር ወደ ኡራል ተራሮች አካባቢ ስለተላኩ ግድግዳዎቹ ላይ የቀሩት ባዶ ክፈፎች ነበሩ። የፈሰሰው ደም ቤተ ክርስቲያንም በዚያን ጊዜ የአስከሬን ማቆያ ሆኖ ነበር፤ ከረጅም እድሳት በኋላ ለጎብኚ የተከፈተው በ1997 ነው። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎች በጅምላ የተቀበሩበት የፒስካርዮቭስኮዬ መካነ መቃብር ከማዕከሉ ራቅ ያለ ቢሆንም ሊታለፍ የማይገባው ነው፤ ቤተ መንግሥቶቹን ብቻ አይቶ የሄደ ሰው የከተማዋን ታሪክ ግማሹን ሳያውቅ ይቀራል።

በከተማዋ ዙሪያ ያሉት ቤተ መንግሥቶች ደግሞ በጀርመኖች እጅ ስለወደቁ ጉዳታቸው የባሰ ነበር። በፑሽኪን ከተማ፣ በቀድሞ አጠራሩ ጻርስኮዬ ሴሎ፣ በካትሪን ቤተ መንግሥት የነበረውን፣ ግድግዳው በአምበር (በደነደነ የጥንት ዛፍ ሙጫ) የተለበጠውን የአምበር ክፍል ናዚዎች በ1941 ነቅለው ወሰዱት፤ የደረሰበት እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሩሲያ ባለሙያዎች አሮጌ ፎቶግራፎችን ተመርኩዘው ከ1979 ጀምሮ እንደ አዲስ ሠርተውት ከተማዋ 300ኛ ዓመቷን ባከበረችበት በ2003 ተመርቋል። በፒተርሆፍም የአንበሳን መንጋጋ ሲሰነጥቅ የሚታየው ባለ ወርቅ የሶምሶን ሐውልት ተዘርፎ ስለጠፋ፣ አሁን ያለው በ1947 የተተካው ነው። የፒተርሆፍ ፏፏቴዎች ልዩ የሚያደርጋቸው ያለ ፓምፕ መሥራታቸው ነው፤ ውኃው ከከፍተኛ ሥፍራ ካሉ ምንጮች በቦይ ወርዶ በራሱ ግፊት ይወነጨፋል።

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ልዩ ትርጉም ያላቸው ሥፍራዎችም አሉ። የሩሲያው ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን በ1837 በሽጉጥ ፍልሚያ ቆስሎ የሞተበት መኖሪያ፣ በሞይካ ወንዝ ዳር ቁጥር 12፣ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል ከአፍሪካ በልጅነቱ ተወስዶ በጴጥሮስ ቤት ያደገ፣ በኋላም እስከ ጄኔራልነት የደረሰ የጦር መሐንዲስ ነበር። ትውልዱን አንዳንዶቹ ከመረብ አካባቢ ሲያደርጉት፣ ሌሎች አጥኚዎች ደግሞ የዛሬዋን ካሜሩን ይጠቅሳሉ፤ ክርክሩ አልተቋጨም። በኔቫ ዳር የሚገኘው፣ በጴጥሮስ የተመሠረተው ኩንስትካሜራ ሙዚየም በአብዛኛው የሚታወቀው በመስታወት ዕቃ በተቀመጡ እንግዳ ፍጥረታት ቢሆንም፣ ባለቅኔው ኒኮላይ ጉሚልዮቭ በ1913 ከሐረርና ከአካባቢው የሰበሰባቸው ቁሳቁሶች በስብስቡ ውስጥ አሉ። የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በወጣትነታቸው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት በዚህችው ከተማ ነው።

የጉዞ ጊዜ ሲመረጥ ሰኔ ተመራጭ ነው፤ ነጭ ሌሊት በሚባለው በዚህ ወቅት ሰማዩ ከእኩለ ሌሊት በኋላም አይጨልምም። በአንጻሩ ሕዝቡ ይበዛል፣ የማደሪያ ዋጋም ይወደዳል። የፒተርሆፍ ፏፏቴዎች በብርዱ ወራት ስለሚዘጉ እነርሱን ለማየት የሚሄድ ሰው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ መጓዝ አለበት። ኤርሚታዥ ሰኞ፣ የሩሲያ ሥዕሎች የሚታዩበት የሩሲያ ሙዚየም ደግሞ ማክሰኞ ይዘጋሉ። ወንዙ ለመርከብ ክፍት በሆነባቸው ወራት የኔቫ ድልድዮች ለጭነት መርከቦች ማለፊያ ሲሉ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ወደ ላይ ስለሚከፈቱ፣ ማደሪያው ከወንዙ ማዶ የሆነ እንግዳ ትዕይንቱን ለማየት ሲወጣ በየትኛው ዳር እንደሚቆም አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል፤ በዚያ ሰዓት ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡርም አይሠራም።