የአእምሮ ጤና ድንገተኛ አገልግሎት ምንድን ነው? በወሎስ ማን ይደርሳል?

አንዲት እናት ምጥ ሲይዛት ቀበሌው ሁሉ የሚደረገውን ያውቃል። አምቡላንስ ይጠራል፤ ካልመጣ ቃሬዛ ይወጣል። አንድ ወጣት ግን እንቅልፍ አጥቶ ሰንብቶ፣ «ሊገድሉኝ ነው» እያለ ሌሊት ከቤት ሲወጣ ማን ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ማሰሪያ ገመድ ነው።

የአእምሮ ጤና ድንገተኛ አገልግሎት የሚባለው ለዚያ ሰዓት የተዘጋጀ እርዳታ ነው። ሰውየው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲችል፣ ወይም ራሱን መጠበቅ ሲያቅተው የሚሰጥ ነው። ግን ጩኸትና ድብድብ ያለበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዝም ብሎ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብም አለ። ወልዳ ሳምንት ሳይሞላት ልጇን «የእኔ አይደለም» የምትል እናትም አለች።

አሜሪካኖች ነገሩን በሦስት ይከፍሉታል፦ የሚደወልለት፣ የሚመጣ፣ የሚሄዱበት። ለመጀመሪያው በሐምሌ 2014 ዓ.ም 988 የሚባል አገር አቀፍ የስልክ ቁጥር ሥራ አስጀመሩ። የሚመጣውን ቡድን በማደራጀቱ ግን የከተማና የአካባቢ አስተዳደሮች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ፖሊስ ብቻውን ከሚሄድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲሄድ ነው ሐሳቡ። በሁሉም ቦታ አልተሳካላቸውም። አከፋፈሉ ግን ጥሩ መለኪያ ነውና ወሎን በእሱ እንየው።

የሚሄዱበት ቦታ ከድሮው ይሻላል። ቀድሞ የወሎ ሕመምተኛ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ነበር የሚሄደው። ዛሬ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈው ነበር። ሕክምናው ወደ ኋላ በተመለሰበት በዚያው ሰዓት ሰዉ ደግሞ እንቅልፍ አጣ።

ያም ሆኖ ለእኔ ትልቁ ክፍተት ሆስፒታሉ ጋ አይደለም። በቤቱና በሆስፒታሉ መካከል ነው። ወግዲ ወይም መቅደላ ላለ ቤተሰብ ደሴ ሩቅ ናት። የወረዳ አምቡላንስ ደግሞ በዋናነት ለወላድ የተመደበ ነው። ሾፌሩ «ያበደ ሰው አልጭንም» ቢል ማን ይፈርድበታል? ፈርቶ ነው፤ ማንም አላሠለጠነውም።

ስለዚህ የሚመጣው ቅሬ ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። በወሎ ቅሬ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ የታመመ ሰው ሲኖርም ተሸካሚ ያወጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚወጣበት ቦታ ብዙ ነው። ከየትኛውም ቢሮ በፊት በር ላይ የሚቆመው እሱ ነው። እንግዲህ አስተዳደሩ ገንዘብ የለኝም ካለ፣ ከዚህ ይጀምር።

ለቅሬ አባላት የሚነገረው ብዙ አይደለም። አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ እሱም ታማሚው የሚያምነው ይሁን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አብሽር» ይበል። ታማሚው የሚሰማውን ድምፅ «ውሸት ነው» ብሎ አይከራከር። ሕፃናትና ተመልካች ይራቁ፤ ቢላና መጥረቢያ ዞር ይበል። መያዝ የግድ ከሆነ በደረቱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ መጫን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ይገድላል። የጠበቀ ገመድም እጅን እስከማሳጣት ይደርሳል። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ከመሰላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ፀረ ተባይና የአይጥ መርዝ ከቤት ይውጣ፤ ሰውየውም ብቻውን አይደር።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ይህ ደግሞ በብዛት የሚዘለል ደረጃ ነው። በድንገት የተቃወሰ ሰው ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ አይደለም። በቆቦና በሐብሩ ቆላ ወደ አንጎል የወጣ ወባ ሰውን ያስለፈልፋል። ማጅራት ገትርም፣ የስኳር መውረድም፣ የጭንቅላት ጉዳትም እንዲሁ። ሲጠጣ ኖሮ በአንድ ጊዜ ያቆመ ሰውም ይቃዣል። ትኩሳት ሳይለካ፣ የወባና የስኳር ምርመራ ሳይደረግ በቀጥታ ወደ ጸበል ወይም ወደ ሼህ የተወሰደ ሰው በሚድን በሽታ ሊሞት ይችላል። ጸበሉ ወይም ዱዓው ይቅር አልልም፤ ከመድኃኒት ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። «መድኃኒቱን ጣለው» የሚለው ምክር ነው ችግሩ።

ጤና ጣቢያው ስፔሻሊስት አያስፈልገውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ዓ.ም የጀመረው ፕሮግራም ዓላማው ይኸው ነው፤ ተራው ነርስና ጤና መኮንን አጭር ሥልጠና ወስዶ ዋና ዋናዎቹን የአእምሮ ሕመሞች እንዲያክም። ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ግን የሠለጠነው ነርስ ሲቀየር እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። የሚያረጋጋው መርፌም፣ ሃሎፔሪዶልም ሆነ ዳያዜፓም፣ መደርደሪያው ላይ ከሌለ ሥልጠናው ወረቀት ነው።

እኔ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ብሆን አዲስ ሕንፃ አልጠይቅም። የአምቡላንስ መመሪያው ላይ «የአእምሮ ድንገተኛ ሕመምም ይጫናል» የሚል መስመር አስገባለሁ። የሾፌሩንና የተረኛውን ነርስ ስልክ በየቅሬው ዳኛ (መሪ) እጅ አስቀምጣለሁ። ያ ነው የእኛ 988።

ገንዘቡስ? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ 13 ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ተሁለደሬ ነበረች። የመድኑ መታወቂያ ያለው ሰው ጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ሌሊት በድንጋጤ በኮንትራት መኪና በቀጥታ ደሴ የወሰደው ቤተሰብ ግን የሪፈር ወረቀት አይዝም። ስለዚህ በማግስቱም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሶ መመዝገብ ይጠቅማል። የወር መድኃኒቱንም ከቅርብ ለመውሰድ መንገዱ እሱ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ያው ሌሊት ይመለሳልና።