ስካነር፣ ሳይትና ቶክግሩፕ፦ ትራንክ ሬዲዮ እንዴት ይሰማል?

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቆሞ ያየ ሰው ትራንክ ሬዲዮን፣ ማለትም ብዙ ቡድኖች ጥቂት ፍሪኩዌንሲዎችን በየተራ የሚጋሩበትን የሬዲዮ አሠራር፣ ግማሹን ተረድቶታል። ለደብረ ሲና፣ ለአንኮበር፣ ለመሐል ሜዳ የተለየ መኪና የለም እንበል። ተራ አስከባሪው የቀደመውን ሚኒባስ ይጠራና "ይሄ የደብረ ሲና ነው፣ ግቡ" ይላል። ያው መኪና ሲመለስ የመንዲዳ ሰው ሊጭን ይችላል።

ትራንክም እንደዚያው ነው። መኪኖቹ ፍሪኩዌንሲዎች ናቸው። ተጓዦቹ ደግሞ ቶክግሩፖች፣ ማለትም እርስ በርስ የሚነጋገሩ ቡድኖች፤ እሳት አደጋ፣ አምቡላንስ፣ የውሃ ጥገና። ተራ አስከባሪው ኮንትሮል ቻናል ይባላል፤ ቀን ከሌት ዳታ ብቻ ይለቃል። አንዱ ሠራተኛ የሬዲዮውን ቁልፍ ሲጫን ክፍት ፍሪኩዌንሲ ይመደብለታል፣ የቡድኑ ሬዲዮዎችም ተከትለውት ይሄዳሉ፣ መልሱ ግን በሌላ ፍሪኩዌንሲ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ቁጭ ያለ ሰው የሚሰማው የተቆራረጠ ወሬ ነው። ስካነሩ፣ ማለትም ንግግሩን የምናዳምጥበት መቀበያ ሬዲዮ፣ ኮንትሮል ቻናሉን እያነበበ ቡድኑን መከተል አለበት። በሰሜን አሜሪካ በብዛት የምታገኙት ፒ25 የሚባለው የዲጂታል ሬዲዮ ዓይነት ነው፤ ከአውሮፓ የመጣው ቴትራ ደግሞ በአንድ 25 ኪሎኸርዝ ላይ 4 ንግግር ያስተናግዳል።

ሳይት የሚባለውን ነገር፣ ማለትም አንድ አካባቢ የሚሸፍነውን የማማ ጣቢያ፣ የሰሜን ሸዋ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ግን 1300 አካባቢ። ጣሊያን ያስቆፈረው ዋሻ ውስጥ ሲገባ የሚኒባሱ ሬዲዮ ይንሿሿል፤ ቁልቁለቱ ላይ ሾፌሩ ጣቢያ ፍለጋ ይጀምራል። ተራራው ሞገዱን ጋረደው። ለዚህ ነው ሰፊ ቦታ የሚሸፍን ሲስተም በብዙ ሳይት የሚከፈለው፤ እያንዳንዱ ሳይት የራሱ ኮንትሮል ቻናልና የራሱ ፍሪኩዌንሲዎች አሉት። አንድ ቶክግሩፕ በሁሉም ሳይት አይተላለፍም። በአብዛኛው የሚተላለፈው የቡድኑ አባል የሆነ ሬዲዮ በዚያ ሳይት ሲመዘገብ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ስካነር ገዝቶ "ዝም ብሏል" ብሎ ደወለልኝ። በቴሌግራም ስክሪኑን ሲያሳየኝ የሲስተሙን ሳይቶች በሙሉ ጭኗቸዋል! ስካነሩ የማይደርሱትን ማማዎች በየተራ ሲያንኳኳ ንግግሩ ያልፈዋል። ለቤቱ የሚቀርበውን አንዱን ብቻ አስቀረን። ሁለት ደቂቃም አልሞላ፣ የአንዲት ሴት ድምፅ አምቡላንስ ሲልክ ሰማን። የፖሊሱ የተመሰጠረ ስለሆነ አይሰማም፤ የትኛውም ስካነር አይፈታውም።

ፕሌይሊስቱ፣ ማለትም የምታዳምጡት ነገር ዝርዝር፣ ሌላው ሥራ ነው። ቶክግሩፕ አየር ላይ ቁጥር ብቻ ነው፣ በፒ25 እስከ 65535 ይሄዳል። ስም የሚሰጠው ፕሌይሊስቱ ነው። ኤስዲአርትራንክ በሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ፕሌይሊስቱ ሳይቶቹንና የቶክግሩፖቹን ስም አንድ ላይ ይይዛል፤ የትኛው ቅድሚያ እንደሚያገኝ፣ የትኛው እንደሚቀዳ፣ የትኛው ዝም እንደሚል እዚያው ይወሰናል። ዩኒደን የተባለው ኩባንያ በሚሠራቸው ስካነሮች ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው "ፌቮሪትስ ሊስት" (የተመረጡ ዝርዝር) የሚባለው ነው። የእኔ ምክር በጥቂቱ ጀምሩ ነው፤ 200 ቶክግሩፕ የጫነ ሰው ዋናውን ጥሪ የሚያመልጠው የመንገድ ጽዳት ወሬ ሲሰማ ነው። በርካሽ ዶንግል፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ በሚሰካ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ፣ የምትጠቀሙ ደግሞ በአንዴ የሚይዘው ወደ 2.4 ሜጋኸርዝ ብቻ መሆኑን አትርሱ። የሳይቱ ፍሪኩዌንሲዎች ከዚያ በላይ ከተራራቁ ሁለተኛ ዶንግል ያስፈልጋል።

እዚህ አገር ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መሣሪያ ከማስመጣታችሁ በፊት ጠይቁት። የጸጥታ ሬዲዮ ማዳመጥ ደግሞ በፍጹም የሚሞከር ነገር አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ዝርዝር አሁን 9 ቶክግሩፕ ነው። የመጀመሪያውን በአማርኛ "እሳት አደጋ" ብሎ ሰይሞታል።