«ከመወዳደር መግዛት ይሻላል»፦ ስለ ኩባንያ ግዢ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ላይ ስልክ ከሚሸጡ ወይም አፕ ከሚሠሩ ልጆች ጋር ስለ ንግድ ከተነሳ የማርክ ዙከርበርግ ስም አይቀርም። የፌስቡኩ አለቃ በ2008 በጻፈው ኢሜይል «ከመወዳደር መግዛት ይሻላል» ብሎ ነበር (የውጪዎቹን ዓመቶች በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አባባሉ ቡና ላይ እንደ ምክር ይወራል። አብረውት የሚወሩት ነገሮች ግን ብዙዎቹ ልክ አይደሉም።

«ኢንስታግራምንና ዋትስአፕን የፈጠረው እሱ ነው»

አልፈጠረም፤ ገዛ። ኢንስታግራምን በ2012 በ1 ቢሊዮን ዶላር፣ ዋትስአፕን በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት። ይቺ በዚሁ ትለፍ።

«የገዛው ትርፋማ ስለነበሩ ነው»

ኢንስታግራም ሲሸጥ 13 ሠራተኞች ብቻ ነበሩት፤ ገቢ የሚባል ነገር አልነበረውም። ታዲያ ያ ሁሉ ብር ለምን? መልሱ በ2020 በአሜሪካ ኮንግረስ ምርመራ ይፋ በወጡ ኢሜይሎች ላይ አለ። የፌስቡክ የፋይናንስ ኃላፊ ዙከርበርግን ዓላማውን ሲጠይቀው ምርጫ ዘረዘረለት፦ ነገ ተፎካካሪ ሊሆን የሚችለውን ከመንገድ ማውጣት ነው? ባለሙያዎቹን ማግኘት ነው? ወይስ ምርቱን ከፌስቡክ ጋር ማዋሃድ? ዙከርበርግ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አለበት አለ። የምንገዛው ጊዜ ነው ብሎም ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ መልእክት አስከተለ፦ እንዳይወዳደሩን ለመከልከል ማለቴ አይደለም የሚል። እኔን የሚያስቀኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። ጠበቃ ትዝ ሲለው የጻፈው ይመስላል።

«ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎታል»

አላለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በነዚህ ግዢዎች የተነሳ በ2020 መጨረሻ ከሰሰ፤ በኅዳር 2025 ሜታ (የዛሬው የፌስቡክ ኩባንያ ስም) ረታ። ዳኛው ያዩት የዛሬውን ገበያ ነው። ቲክቶክና ዩቲዩብ ባሉበት ሜታ ገበያውን በብቸኝነት መያዙ አልተረጋገጠም አሉ። የዛን ጊዜው ግዢ ንጹሕ ነበር ብሎ መተርጎም ግን ሌላ ነገር ነው።

«ገንዘብ ካለህ የገዛኸው ሁሉ ያድጋል»

ኖኪያን አስታውሱ። ያልያዘው ሰው ማን ነበር? ማይክሮሶፍት የስልክ ክፍሉን ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ በ2014 ጠቀለለው። በዓመቱ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ ብሎ መዘገበ። በሌላ በኩል ስናፕቻት በ2013 ከፌስቡክ የቀረበለትን 3 ቢሊዮን ዶላር እምቢ ብሎ እስካሁን አለ። ፌስቡክ መግዛት ሲያቅተው ምን አደረገ? በ2016 የስናፕቻትን «ስቶሪ» ኢንስታግራም ላይ አመጣው። ተወዳደረ ማለት ነው፤ ያውም በደንብ።

«የተገዛ ስም ይሞታል»

ይሄን የሚል ሐረር ውስጥ አንድ ሐረር ቢራ ይዘዝ። የሆላንዱ ቢራ ጠማቂ ሄኒከን ፋብሪካውን ከበደሌ ጋር በፈረንጆቹ 2011 ከመንግሥት ሲገዛ ለሁለቱ 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል። ስሙ ግን ጠርሙሱ ላይ አለ። እርግጥ ስም ቀረ ማለት ሥልጣን ቀረ ማለት አይደለም፤ ትልልቁ ውሳኔ አምስተርዳም ነው የሚወሰነው።

«ተወዳዳሪ ከመጣ ነባሩ ይወድቃል»

ይሄን ድሬ ላይ በዓይናችን አይተነዋል። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን መጀመሪያ የሞከረው እዚሁ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም አልወደቀም። ብዙ ሰው ያደረገው 09ን ሳይጥል 07 መጨመር ነው። አንዱ ኔትወርክ ሲያስቸግር ወደ ሌላው ይዞራል። የሁለቱም ባለቤት አንድ ቢሆን የምንዞርበት አይኖርም ነበር። ስለ ግዢ ሲወራ መጠየቅ ያለበት፣ በኔ እይታ፣ ይሄ ነው፦ ደንበኛው ከግዢው በኋላ የሚሄድበት ሌላ ቦታ አለው ወይ?

«ይሄ የአሜሪካ ጣጣ ነው»

የኛም ነው። እዚሁ አገራችን በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 በንግድ ውድድር ላይ ከባድ ጉዳት የሚያስከትል ውህደትን ከልክሏል። ለመዋሃድ ያሰቡ ነጋዴዎች አስቀድመው እንዲያሳውቁም ደንግጓል። ጉዳዩን ይከታተል የነበረው ባለሥልጣን ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ዞሯል። ስለዚህ ድሬ ላይ ሁለት ትልልቅ አከፋፋዮች አንድ እንሁን ቢባባሉ፣ ከመፈራረማቸው በፊት ወደዚያ ጎራ ማለት ይኖርባቸዋል።